አንኮበር ላይ ትንሽ ሰርግ ለምታነሱ

ለአንኮበር ሰርግ የምትመጡ ፎቶ አንሺዎች፣ መጀመሪያ ሻንጣችሁን ቀንሱ። የድሮው ቤተ መንግሥት ወደነበረበት ኮረብታ መኪና አይወጣም። መኪናው ከሥር ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ነው። ቬሎ የለበሰች ሙሽራ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አያት፣ ድስት የተሸከመ አስተናጋጅ፣ ሁሉም በዚያው ዳገት ነው የሚወጣው። ሦስት ቦርሳና ሁለት የመብራት ስታንድ ይዞ ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ ግማሽ መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለከልክ ማየት የተለመደ ነው። አገሩ ደጋ ነው፣ አየሩ ይሳሳል። ዕቃ የሚሸከሙ ልጆች አይጠፉም። ዋጋውን ሳትወጡ ጨርሱ፤ ካሜራውን ግን ራሳችሁ ያዙ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ እንጀራዬም ሰርግ ማንሳት ነው። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ዓይነት ሰርግ እየበዛ መጥቷል። ልጆቹ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ያደጉ ናቸው። አያቶቻቸው የመንዝ፣ የተጉለት፣ የቡልጋ ሰዎች ናቸው። አምስት መቶ ሰው ጠርቶ አዳራሽ ከመከራየት ይልቅ የቅርብ ሰዎቻቸውን ብቻ ይዘው ወደ አያት አገር ይመጣሉ። አንዳንዱ አንኮበር ኮረብታው ላይ ይደግሳል። አንዳንዱ ጣርማበር አፋፉ ላይ፣ አንዳንዱ አያት ግቢ ዳስ ጥሎ። ይሄን የምጽፈው እንዲህ ያለ ሥራ ተቀብላችሁ ቦታውን ለማታውቁት ነው።

የምለው በአጭሩ ይሄ ነው፦ ቦታው ሰዎቹን እንዳይውጥባችሁ። አንኮበር ላይ ስትቆሙ ምሥራቁ ሁሉ ከእግራችሁ ሥር ነው። ተራራው ደረጃ በደረጃ ወርዶ ወርዶ አፋር ሜዳ ላይ ያልቃል። ካሜራ የያዘ ሰው ይሄን ሲያይ ልቡ ይሸፍታል። ሙሽሮቹን ጥግ ላይ እንደ ጉንዳን አሳንሶ አቁሞ ገደሉን ማንሳት ይጀምራል። እንዲህ ያለ ፎቶ አንድ ሁለት ይበቃል። ኢንስታግራም ላይ ያምራል። ሙሽራዋ ከዓመታት በኋላ አልበሙን ስትከፍት ግን ቀድማ የምትፈልገው የአያቷን ፊት ነው።

ያ እይታ ዓይን የሚይዘው ዛሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት ካፒቴን ሃሪስን ወደ ሸዋው ንጉሥ ወደ ሣህለ ሥላሴ ልኮ ነበር። አብሮት በርናትዝ የሚባል ጀርመናዊ ሠዓሊ መጥቶ አንኮበርን ሥሏል። በኋላም ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው ወደ እንጦጦና ወደ አዲስ አበባ እስኪሄዱ ድረስ ከመናገሻዎቻቸው አንዷ አንኮበር ነበረች። የተወለዱትም እዚሁ ሰሜን ሸዋ አንጎለላ ነው። ታሪኩን የምነግራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰርገኛው ያወራዋል፣ እናንተም መስማማት ወይም መሳቅ ይኖርባችኋል።

አንድ ነገር ግን አትሳሳቱ። ከድሮው ግቢ የቀረው የድንጋይ ግንብ ፍርስራሽ ነው። አሁን እንግዳ የሚያድርበት ሎጅ በኋላ ዘመን የተሠራ ነው። «ምኒልክ ያደሩበት ክፍል» ብላችሁ ፎቶ ሥር ብትጽፉ የአገሩ ሽማግሌ ይስቅባችኋል። እኔ ግንቡን በቅርብ አነሳዋለሁ። ድንጋዩ ላይ ሽበት መስሎ የበቀለውን በእጁ ከሚነካ ልጅ ጋር፣ ወይም ሚዜዎቹ ተደግፈውት ሲያወሩ። እንደዚያ ሲሆን ድንጋዩም ሰዎቹም ይታያሉ።

የንጉሥ ግቢ ነበረ ብሎ ሁሉን ማሳመርም ደስ አይለኝም። አንኮበር ሥር በነበሩት የቆላ ገበያዎች ሰውም ይሸጥ ነበር። በካሪቢያን ደሴቶችና በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ያሉ የድሮ የሸንኮራና የጥጥ እርሻ ቤቶች ዛሬ የሰርግ ቦታ ሆነዋል፤ ባሪያ ያለቀባቸው እርሻዎች ናቸው። ጭቅጭቁ በርትቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ፒንተረስት የሚባለው የፎቶ ማጋሪያ ድረ ገጽ እንዲህ ባሉ ቦታዎች የሚደረጉ ሰርጎችን ማስተዋወቅ እንደሚገድብ አስታውቋል። የእኛ ጉዳይ ከዚያ ጋር አንድ አይደለም። ግን «የነገሥታት ሰርግ» ምናምን የሚል ጽሑፍ ፎቶ ላይ ለመለጠፍ ስትጣደፉ ትንሽ ቆም በሉ። ሙሽሮቹ የመጡት አያታቸው ስላሉ ነው።

አሁን ወደ ብርሃኑ። ኮረብታው ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። ጥር ላይ ፀሐይ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ከአፋር በኩል ፊት ለፊት ትወጣለች። ያ ሰዓት ወርቅ ነው። ችግሩ ሙሽራዋ ያኔ ፀጉሯን እየተሠራች ነው። ወይም ቤተ ክርስቲያን ናት።

ስለዚህ የሙሽሮቹን ፎቶ በሰርጉ ቀን አላነሳም ማለት ይቻላል። በማግስቱ ነው የማነሳው። እንዲህ ያለ ሰርግ ላይ ሰው ሁሉ እዚያው ያድራል፤ ጥቅሙም ይሄ ነው። ማግስቱን ማለዳ ሁለቱን ብቻ ቀስቅሼ በጋቢ ጠቅልዬ አወጣቸዋለሁ። ሜካፕ የለ፣ ፕሮቶኮል የለ፣ የሚጠራቸው ዘመድ የለ። ሰርጉ ስላለፈ ትከሻቸው ወርዷል። ሣሩ ላይ ውርጭ አለ። ትንፋሻቸው ይታያል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ከዚያ ወደ ቁርስ። የሰርጉ ቀን ላይ አዲስ አበባ እንደለመድነው ሙሽሮቹን ለሦስት ሰዓት «ፎቶ ፕሮግራም» ይዞ መጥፋት ትንሽ ሰርግን ይገድላል። ከአርባ ሰው ላይ ሁለት ሙሽራና ስምንት ሚዜ ሲጎድል ድግሱ ድንኳን ውስጥ ይፈዝዛል።

ይሄን ሐሳብ ቀድማችሁ፣ ውል ስትፈርሙ ንገሯቸው። ሙሽራው ብዙ ጊዜ ወዲያው ይስማማል። ሙሽራዋ «ቬሎዬስ?» ትላለች። ቬሎውን በማግስቱ መልበስ የማትፈልግ ከሆነ ሀበሻ ቀሚስና ካባ ለማለዳው ብርሃን እንደሚሻል አሳዩዋት። ይሻላልም። ጥለቱ የጎን ብርሃን ሲያገኝ ክሩ አንድ በአንድ ይታያል።

አመሻሽን ብዙ አትመኑት። ከኮረብታው በስተ ምዕራብ ያለው ከፍታ ፀሐይን ቀድሞ ይወስዳታል። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ቢላችሁም ሰዎቹ ላይ ያለው ብርሃን ከዚያ ብዙ ቀድሞ ያልቃል። ደግሞ እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ፀሐይ አግድም አትንሸራተትም፣ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ከገባች በኋላ ደህና ብርሃን የሚቆየው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ዩቲዩብ ላይ የአውሮፓ ፎቶ አንሺ ስለ ረጅሙ አመሻሽ ሲያስተምር ለእሱ አገር ልክ ነው።

ወሩም ለውጥ አለው። ሰርግ የሚበዛው ጾም በሌለበት ነው፤ ከገና በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ፣ ከዚያ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ። ጥር ላይ ፀሐይ እኩለ ቀንም ቢሆን ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች፤ ሰዎቹን በትክክል ካዞራችኋቸው ፊት ይታያል። ሚያዝያ ላይ ግን ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። ዓይን ሥር ሁለት ጉድጓድ ጥቁር ይወጣል፤ ኮፍያ ያደረገማ ፊቱ የለም። የፋሲካ ማግስት ሰርግ ከሆነ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን ሁሉ ጥላ ሥር አድርጉት። ዳስ፣ በረንዳ፣ የጥድ ጥላ፣ የትኛውም ይሁን። የቤተሰብ የጋራ ፎቶ ሜዳ ላይ ሰባት ሰዓት ተኩል የሚል ፕሮግራም ካያችሁ ፕሮግራም መሪውን ይዛችሁ አስለውጡ። ያለ ድርድር።

ጉሙን መፍራት አያስፈልግም። ከቆላ የሚነሣ ሞቃት አየር ገደሉን ተከትሎ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። ከሰዓት በኋላ በደቂቃ ውስጥ ኮረብታውን ሊሸፍነው ይችላል። ሙሽሮቹ «እይታው ጠፋ!» ብለው ያዝናሉ። እኔ ደስ ይለኛል። ጉም ሰማዩን በሙሉ አንድ ትልቅ ለስላሳ መብራት ያደርገዋል፤ ፊት ላይ የሚቆርጥ ጥላ የለም። ብቻ ሰዎቹን ወደ እናንተ አቅርቡ፣ ከኋላቸው ጥቁር ነገር ይኑር፤ ጥድ ወይም ግንብ። ፎከስ ጉም ውስጥ ይዋልላል፤ ልብሱ ጠርዝ ላይ ያዙት። ይገፈፋል ብላችሁ ቆማችሁ አትጠብቁ። ሊመሽባችሁ ይችላል።

አንድ የካሜራ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ጀማሪዎችን የሚያናድድ ነው። አገራችን ሰርግ ላይ ነጭ ልብስ ይበዛል። ነጠላ፣ ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ቬሎ። ካሜራው ያን ሁሉ ነጭ ሲያይ ብርሃን በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ የሰዉ ፊት ይጠቁራል። እኔ ብርሃኑን ከሁለት ሦስተኛ እስከ አንድ ስቶፕ (የብርሃን መለኪያ ነው) ከፍ አድርጌ፣ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ካሜራው ላይ ብርሃኑን የሚያሳየውን ግራፍ፣ ወደ ቀኝ ጫፍ አስጠግቼ ሳላስነካው ነው የማነሳው። ሁልጊዜም በሮው፣ ካሜራው ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል። ፊቱ ደህና ሆኖ ጥለቱ ነጥቶ ካልጠፋ በቂ ነው። ነጩን ለማዳን ፊትን ማጥቆር አይገባኝም። ነጩን በኋላ ማውረድ ይቻላል፤ የጠቆረ ፊት ሲነሣ ግን አመድ ይመስላል።

ተክሊል ወይም ቁርባን ካለ ሥራው ሌሊት ነው የሚጀምረው። ከሰርጉ አንድ ቀን በፊት ሄዳችሁ የደብሩን አስተዳዳሪ አነጋግሩ። ስልክ አይበቃም። ጫማ አውልቃችሁ፣ ነጠላ አጣፍታችሁ፣ የት ቆሜ ላንሳ ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከደብር ደብር ይለያያል። ፍላሽ የለም። የካሜራውን ድምፅ ዝም አሰኙት። እኔ ሴት ስለሆንኩ የማልቆምበት ቦታ አለ። በወንዶቹ በኩል ያለውን ረዳቴ ያነሳል። አንድ ዲያቆን ከቀረባችሁ ሥራው ቀለለ፤ መቼ ዘይት እንደሚቀቡ፣ መቼ አክሊል እንደሚጭኑ በዓይኑ ይነግራችኋል። ሲቆርቡ ካሜራዬን አወርዳለሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ። ይሄን ያዩ ካህን ሌላ ጊዜ ትንሽ ጠጋ እንድል የፈቀዱልኝ አጋጣሚ አለ።

ዕጣኑ ብርሃን ይዞ ይቆማል። ከበሩ የሚገባ የማለዳ ብርሃን ጢሱ ላይ ሲያርፍ ጨረሩ ይቆጠራል። ለዚያ ብላችሁ ግን ከካህኑ ፊት አትቅደሙ።

የሙሽራዋ መልበሻ ጠባብ ጎጆ ብትሆን ይሻላል እላለሁ። ሰው አያምነኝም። ትልቁ ክፍል ውስጥ አምፖል፣ ቲቪ፣ የተከመረ ሻንጣ አለ። ትንሿ ጎጆ ውስጥ አንድ በር ወይም አንድ መስኮት ብቻ ነው ያለው፤ ብርሃን ከአንድ ወገን ብቻ ይገባል፣ ሌላው ይጨልማል። አምፖሉን አጥፉት። ቢጫው ከመስኮቱ ብርሃን ጋር ሲደባለቅ የቆዳዋን ቀለም ያበላሸዋል።

አንዴ አንኮበር እንዲህ ባለች ክፍል የቀሚሱ ጠርዝ ተተረተረ። ደረጃው ላይ የሆነ ነገር ይዞት ነው። ሜካፕ ሠሪዋ ጮኸች። ሙሽራዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። እናትየው ምንም አላሉም። ከነጠላቸው ጫፍ ክር መዘው፣ መርፌውን በከንፈራቸው ይዘው፣ መሬት ቁጭ አሉ። የመስኮቱ ብርሃን የሚያገኘው እጃቸውን ብቻ ነበር። ልጅቷ ከላይ ቆማ ጭንቅላታቸውን ትዳስሳለች። እኔም ዝቅ ብዬ በሠላሳ አምስት ሚሊ ሜትር ሌንስ አነሳኋቸው። ኮረብታው አይታይም፣ ገደሉ አይታይም። ያ ቤተሰብ ትልቅ አሳጥቦ ሳሎን የሰቀለው ያንን ነው።

ሌንስ የሚጠይቀኝ ብዙ ነው፤ እንግዲህ ሠላሳ አምስት እና ሰማንያ አምስት ይበቃኛል። ትልቁን ዙም የምይዘው ቤተ ክርስቲያን ለሩቅ ብቻ ነው።

አያቶችን «እንዲህ ይቁሙ፣ እንዲያ ይዩ» ማለት አይሆንም። የመንዝ ሽማግሌ በርኖሱን ደርቦ፣ ጭራውን ይዞ ካሜራ ፊት ከቆመ እንደ መታወቂያ ፎቶ ይደርቃል። አንድ አያት ሙሽራውን ሊያዩ ከመንዝ መጥተው ጨለማው ጥግ ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ በሞቴ ወደ በሩ ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ።»

«ምን ልሁን ብለሽ ነው ልጄ?»

«ብርሃኑ እዚያ ደስ ይላል።»

«ብርሃኑማ ለእናንተ ነው። የእኔ ዓይን እንደሁ ደክሟል።»

አልጨቀጨቅኋቸውም። ሙሽራውን ጠርቼ በሩ አጠገብ አቆምኩትና «አባባ፣ ይመርቁታላ» አልኩ። ተነሡ። ማንም ሳያዝዛቸው በሩ ድረስ መጡ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ በኋላ እኔ መኖሬንም ረሱት። ለአያት ሥራ ስጡ። መመረቅ፣ ዳቦ መቁረስ፣ ጠላ መቅመስ፣ የልጁን ካባ ማስተካከል። ሥራ ላይ ያለ ሽማግሌ አይደርቅም።

ምርቃት ደግሞ የራሱ ምት አለው። መራቂው አንድ ሐረግ ይጨርሱና ትንፋሽ ይስባሉ፣ ሰው ሁሉ «አሜን» ይላል። እሷን ሰከንድ ጠብቁ። ብዙ ፎቶ አንሺ መራቂው ላይ ተተክሎ ይቀራል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ምርቃት እሳቸውን አነሳና ዞር እላለሁ። «አሜን» ሲሉ የሁሉም ፊት ይከፈታል፤ የአክስቶቹ መዳፍ ወደ ላይ ነው፣ አንዷ ዓይኗን ጨፍናለች፣ ውጭ አገር ያደገው የአክስት ልጅ ግራ ገብቶት ሌላውን አይቶ እጁን ይዘረጋል። አንድ ሙሉ ቤተሰብ እዚያ ውስጥ አለ። ምርቃቱ ረጅም ስለሆነ ጊዜ አታጡም።

ጉልበት መሳም ግን ፈጣን ነው። ሙሽሮቹ ጎንበስ ሲሉ ሽማግሌው ቀድመው ያነሷቸዋል፤ ጉልበቱ ጋ እንኳ አይደርሱም። ከጎን ሁኑ፣ ዝቅ በሉ፣ ሹተሩን የሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ (1/500) አድርጉ። ከፊት ከሆናችሁ የምታገኙት የሙሽራውን ጀርባ ነው።

ትንሽ ሰርግ ላይ መደበቅ የለም። ሁለተኛው ሰዓት ላይ ስማችሁን ሁሉም ያውቀዋል። ምግብ ሲቀርብ ካሜራ አስቀምጣችሁ ብሉ። ሰው ሲያኝክ የተነሣ ፎቶ ማንም አይፈልግም፤ ደግሞ «አልበላም» ብላችሁ የትም አትደርሱም። እትዬ የሆኑ አክስት ጉርሻ ይዘው ይመጣሉ፤ ሌንሱን ሸፍናችሁ አፋችሁን ክፈቱ። አረቄውን ግን በዘዴ እለፉት። የደብረ ብርሃን አረቄ ለሥራ አይሆንም። በነገራችን ላይ አብራችሁ ከበላችሁ በኋላ የሚወጣው ፎቶ ይለያል። ሰዉ «ፎቶ አንሺዋ መጣች» ብሎ አይስተካከልም።

ማታ። ኮረብታው ላይ ከግቢው መብራት ውጭ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። ጄኔሬተር ይኑር አይኑር ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ባትሪ ሁሉ ከቀን ቻርጅ ይደረግ። ፍላሹን ወደ ጣሪያ አታዙሩ። የሣር ክዳን ብርሃኑን ይጠጣዋል፣ የተረፈውንም ቡናማ አድርጎ ይመልሰዋል። እኔ ረዳቴን ነጭ ጋቢ አስይዤ ፍላሹን እዚያ ላይ ነው የምተኩሰው። ከማንኛውም ከተገዛ ሪፍሌክተር ይሻለኛል፤ ሲበርደንም እንለብሰዋለን። የርችት ሻማና ችቦ ከሣር ክዳን አጠገብ እንዳይበራ ዲኮር ለሚሠሩት ንገሩ። እነሱ ለፎቶው ብለው ነው የሚያመጡት፤ ፎቶው አያስፈልገኝም ስትሏቸው ይተዋሉ።

ብርዱን ንቀው የሚመጡ አሉ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነች፤ ጥር ማለዳ ውርጭ ይመታል። ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፤ ትርፉን ደረት ኪሳችሁ ውስጥ፣ ሰውነታችሁ አጠገብ ያዙ። ከውጭ ብርድ እሳትና ቡና ወዳለበት ክፍል ስትገቡ ሌንሱ ያልበዋል። ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አስገብታችሁ አፉን እሰሩት። ከክፍሉ ጋር እኩል እስኪሞቅ አትክፈቱት። ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል።

ስለ መንገዱ። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ አንኮበር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። በሰርጉ ቀን ከአዲስ አበባ ተነሥቼ እደርሳለሁ የሚል ሰው ጋር አትሟገቱ፤ በቃ አትቀጠሩለት። ቀድማችሁ እደሩ። መንገዱ ክፍት መሆኑን ደግሞ በዚያው ሳምንት የአገሩን ሰው ጠይቁ፤ እዚህ የምንኖረውም ሳንጠይቅ አንንቀሳቀስም። ሰርጉ በመንገድ ምክንያት ቢራዘም ቅድሚያ ክፍያው ወደ አዲሱ ቀን እንደሚዛወር ውሉ ላይ ጻፉት። እንደዚያ ሲሆን ሙሽሮቹም እናንተም አትጨነቁም።

ድሮን የሚጠይቁ ሙሽሮች አሉ። ፈቃድ ይፈልጋል፣ ቀላልም አይደለም። ፈቃዱ ቢኖር እንኳ በእኛ አካባቢ አሁን የድሮን ድምፅ ሰርገኛ የሚያስደስት ድምፅ አይደለም። እኔ አላነሳም። ከላይ የታየ ነገር ካማራቸው ኮረብታው ራሱ ከፍ ያለ ነው፤ እኔ ደረጃው ራስ ላይ ቆሜ ሙሽራዋ በበቅሎ ከሥር ስትመጣ አነሳታለሁ። በቅሎ ካገኙ ማለት ነው። ባለቤቱ በቅሎዋን እየሳበ ፍሬም ውስጥ እንዲገባ ተዉት፤ አታስወጡት። እሱም ለብሶ ነው የሚመጣው።

ጣርማበርና መንዝ ጓሳ ለሚደረግ ሰርግ ጭላዳ ዝንጀሮ አብሮ ይገባል፣ ሳትጠሩት። ምግብ አትወርውሩለት፣ ሕፃናትንም አታስጠጉ። ጓሳ በአካባቢው ማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ነው፤ የመግቢያ ክፍያ አለው፣ አስጎብኚ ያዙ፤ ሣሩ ላይ በመኪና አትውጡ። ሙሽሮቹን ወደ ጭላዳው አትውሰዱ። ቁጭ ካላችሁ እሱ ሣሩን እየነጨ ራሱ ወደ እናንተ ይጠጋል።

ዋጋ አልጠራም፤ በየጊዜው ስለሚቀየር ዛሬ የጻፍኩት ነገ ያስቃል። አከፋፈሌን ግን ልንገራችሁ። ሰዓት አልቆጥርም፤ የምቆጥረው ቀን ነው። ዋዜማው፣ ሰርጉና ማግስቱ አንድ ላይ ነው የሚሸጠው። መጓጓዣ፣ መኝታና የረዳት አበል ለብቻው ይጻፋል። ግማሹ ቀኑ ሲያዝ፣ ቀሪው ማግስቱን ማለዳ ከፎቶው በፊት። «ፎቶውን ሲያዩት እንጨርሳለን» የሚል የሙሽራ አጎት ሁልጊዜ ይኖራል። በፈገግታ እምቢ በሉት።

ፋይሉን በዚያው ሌሊት በሁለት ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። አንዱ ከእናንተ ጋር፣ ሌላው ከረዳታችሁ ጋር በሌላ መኪና ይሂድ። ካሜራችሁ ሁለት ካርድ የሚይዝ ከሆነ ሁለቱም ላይ እኩል ይጻፍ።

ስታስረክቡ፣ ለሙሽሮቹ በድራይቭ ላኩ፤ ቴሌግራም ከሆነ «እንደ ፋይል» ብላችሁ እንጂ እንደ ፎቶ አትላኩ፣ ጥራቱን ይበላዋል። ለአያቶቹ ግን ስልክ ላይ የተላከ ነገር ምንም አይደለም። ደብረ ብርሃን ላይ አሥር አሥራ አምስት ፎቶ አሳጥቤ፣ ስማቸውን ከጀርባው ጽፌ፣ ለአገራቸው ሰው አደርሳለሁ። ወጪውን ቀድሜ ውሉ ውስጥ አስገባዋለሁ። የሚቀጥለው ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው። አንዱን ፎቶ ግድግዳ ላይ ያየ ጎረቤት ለልጁ ሰርግ ስልኬን ይጠይቃል።